የስካሜል ፓዮኒር ሞዴል፦ ስድስተኛው ጎማ መሬት አልነካ ሲል

ጥያቄው፦ «ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ተንደር ሞዴል የሚባለው ድርጅት ያወጣውን የስካሜል ፓዮኒር ኤስቪ2ኤስ የክሬን መኪና የፕላስቲክ ሞዴል በ1/35 ስኬል፣ ማለትም ከእውነተኛው 35 ጊዜ አንሶ፣ እየሠራሁ ነው። ከዚህ በፊት የሠራሁት ትንንሽ ጂፖችን ብቻ ነበር። ሻንሲውን ከነአክስሎቹ አጣብቄ ስድስቱን ጎማ ስሰካ የፊት ግራው አየር ላይ ቀረ። ጋቢናውንና ክሬኑን ገና አልነካሁም። ጎማውን ሞርጄ ላስተካክል ወይስ ሁሉንም አፍርሼ እንደገና ልጀምር?»

ምላሽ፦

ወንድሜ፣ ጤና ይስጥልን። ሞረዱን መልሰህ አስቀምጠው። ሁሉን ማፍረስም የለብህም። እንደ ግምቴ የምትቆርጠው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ እሱም የፊት አክስሉ ከሻንሲው ጋር የተያያዘበት ነው። ጋቢናውንና ክሬኑን ሳትጭን መጠየቅህ ደግሞ ብዙ ድካም አድኖሃል። እነሱ ከላይ ከተቀመጡ በኋላ ቢሆን ኖሮ መልሴ ሌላ ይሆን ነበር።

እኔ ሙያዬ የከባድ መኪና መካኒክነት ነው። ሥራውን የጀመርኩት ልጅ ሆኜ ኤንትሬ የጭነት መኪና ስር ተኝቼ ግራሶ እየሞላሁ ነው፤ ሞዴል መሥራት የመጣው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ስለዚህ ባሌስትራ፣ ካምቢዮ፣ ኩሽኔታ እያልኩ በጋራዥ ቋንቋ ብጽፍልህ ይገባሃል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። የጥያቄህም መልስ ያለው ከመኪናው ሆድ ስር ነው። ስሩ እንዴት እንደሚሠራ አንዴ ከገባህ፣ የቱ በሙጫ መያዝ እንዳለበትና የቱ ነፃ መቅረት እንዳለበት መመሪያው ሳይነግርህም ታውቀዋለህ።

ስካሜል ፋብሪካው እንግሊዝ አገር ዋትፎርድ ከተማ ነበር። ፓዮኒርን ያወጣው በ1927 (እዚህ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) ሲሆን መኪናው መጀመሪያ የታሰበው ለጦርነት አልነበረም። መንገድ በሌለበት፣ በአሸዋና በጭቃ ለሚሠሩ፣ ለነዳጅ ፍለጋ ቦታዎች የተሠራ ነው። የሚገርመው የፊት ጎማዎቹ ጉልበት የላቸውም፤ የሚነዱት የኋላዎቹ አራቱ ብቻ ናቸው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የተጫነለት ሞተር ጋርድነር 6ኤልደብሊው ናፍጣ ሲሆን ጉልበቱ 102 ፈረስ ብቻ ነው። ዛሬ ይህን ያህል ጉልበት በትንሽ የቤት መኪና ላይም ታገኘዋለህ። ፍጥነቱም በሰዓት ወደ 40 ኪሎ ሜትር ቢጠጋ ነው። ታዲያ እንዲህ ያለ ዘገምተኛ መኪና የተሰበረ ታንክ የተጫነበት ተጎታች እየሳበ፣ ሌሎች የሰመጡበትን ቦታ እንዴት አለፈ? መልሱ ጎማዎቹ መሬት አይለቁም የሚለው ነው። የነዳው ሰው ሁሉ የሚመሰክርለት ይህንን ነው፣ አንተም እጅህ ላይ የጠፋብህ ይኸው ነገር ነው።

እስቲ የኋላውን ስር ገልብጠህ ተመልከት። እንደ ተራ ባለ ሁለት የኋላ አክስል መኪና ሁለት ዲፈረንሻል አታገኝም። ያለው አንድ አክስል ነው። በአክስሉ ጫፍ በግራም በቀኝም ረጅም የብረት ሳጥን ተሰክቷል፣ ሳጥኑ ውስጥ ጥርሳጥርስ ማርሾች ተደርድረዋል፣ በሳጥኑ ሁለት ጫፎች ደግሞ ሁለት ጎማዎች አሉ። ሳጥኑ መሀሉ ላይ ይወዛወዛል። የፊተኛው ጎማ ድንጋይ ላይ ሲወጣ የኋለኛው በዚያው ልክ ወደ ታች ይወርዳል፤ ሁለቱም መሬት እንደነኩ፣ ሁለቱም እየነዱ ይቀጥላሉ። አንድ የኋላ ጎማ ወደ 60 ሳንቲሜትር ድረስ ከፍና ዝቅ ማለት ይችላል፤ በአንተ ስኬል ይህ 17 ሚሊሜትር ነው። ጭቃው ሲብስ ነጂዎቹ በየጎኑ ባሉት ሁለት ጎማዎች ዙሪያ የብረት ሰንሰለት ትራክ ያጠልቁ ነበር።

የፊቱ ደግሞ እንዲህ ነው። የፊት አክስሉ በግራና በቀኝ ሁለት ባሌስትራ (የተደራረበ የብረት ሞላ) ላይ አልተኛም። በአግድም የተኛ አንድ ባሌስትራ አለው፤ አክስሉም መሀሉ ላይ ባለ አንድ ፔርኖ፣ ማለትም የብረት ፒን፣ ይወዛወዛል። ግራው ሲወጣ ቀኙ ይወርዳል፣ ሻንሲው ግን ቀጥ እንዳለ ይቆያል።

አሁን ቁጠርልኝ። ሻንሲው የተቀመጠው የት የት ነው? በግራው የኋላ ሳጥን መሀል አንድ፣ በቀኙ ሳጥን መሀል ሁለት፣ በፊቱ ፔርኖ ሦስት። ጎማው ስድስት ይሁን እንጂ መኪናው የቆመው በሦስት ጉልቻ ላይ ነው። ጉልቻ ለምን ሦስት እንደሆነ እናቶቻችን ያውቃሉ፤ ሦስት ከሆነ መሬቱ ጎርበጥ ቢልም ድስቱ አይነቃነቅም። አራተኛ ድንጋይ ከጨመርክ ግን አንዱ ሁልጊዜ ይወላገዳል። የፊት አክስልህን በሙጫ ድርቅ አድርገህ ስታጣብቀው አራተኛ ጉልቻ ጨመርክ ማለት ነው። ያኔ ሻንሲህ የፀጉር ያህል ቢጣመም እንኳ ከፊት ጎማዎች አንዱ አየር ላይ ይቀራል። ለዚህ ነው ጎማውን አትሞርድ ያልኩህ። ጥፋቱ የጎማው አይደለም። ብትሞርደውም መሬት ያልነካው ሳይሆን የነካው ቀኙ ነው የሚቀነሰው፤ ከዚያ ሁለት የተለያየ መጠን ያላቸው ጎማዎች የያዘ መኪና ይኖርሃል።

ቢላ ከማንሳትህ በፊት ለካ። አንድ ቁራጭ መስታወት ፈልግ፤ የፎቶ ፍሬም መስታወት ይበቃል። ጠረጴዛ አትመን፣ ቀጥ ያለ የሚመስል ጠረጴዛ ሁሉ ቀጥ አይደለም። መኪናውን መስታወቱ ላይ አቁመውና ተራ የማተሚያ ወረቀት በቀጭን በቀጭኑ ቆርጠህ አየር ላይ በቀረው ጎማ ስር አንድ በአንድ አስገባ። ባለ 80 ግራም ወረቀት ውፍረቱ 0.1 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ወረቀቱ ሲገባ በጣትህ ይሰማሃል፤ መጀመሪያ ያለ ምንም መያዝ ይንሸራተታል፣ ከዚያ ስስ መያዝ ይመጣል፣ ከዚያ ጎማው ወረቀቱን ነክሶ ይይዘዋል። በነከሰበት ጊዜ ስንት ቁራጭ እንደገባ ቁጠር። ሦስት ወረቀት ከሆነ 0.3 ሚሊሜትር ነው፤ ይህ በእውነተኛው መኪና ላይ አንድ ሳንቲሜትር ያህል ነው። አሥር ወረቀት ከገባ ደግሞ 3.5 ሳንቲሜትር ነው፣ ያኔ ሻንሲው ራሱ ተጣሟል።

ሌላውም ፈተና ቀላል ነው። ጎማዎቹን አውጣ፣ ሻንሲውን ገልብጠህ ቀጥ ያለውን የላይኛውን ጠርዝ መስታወቱ ላይ አስተኛው፣ ከዚያ አራቱን ማዕዘኖች በየተራ በጥፍርህ ጫን። ምንም ድምፅ ከሌለ ደህና ነው። አንዱን ስትጫን ሌላው ማዕዘን ተነሥቶ መስታወቱን «ጠቅ» ካደረገ ተጣሟል ማለት ነው። ድምፁን ጆሮህ ከዓይንህ ቀድሞ ይይዘዋል።

ሻንሲው ደህና ከሆነ፣ ወይም ጥማሜው ከሦስት ወረቀት ካልበለጠ፣ ሥራው የአንድ ምሽት ነው። የፊት አክስሉ ከሻንሲው የተያያዘበትን መጋጠሚያ ብቻ ፍታው። በቀጭኑ ፈሳሽ የፕላስቲክ ሙጫ ከሆነ ያጣበቅከው፣ ሙጫው ፕላስቲኩን አቅልጦ ነው የሚያዋህደው። አንድ ሁለት ቀን ብቻ ካለፈው መጋጠሚያው ላይ ትንሽ አዲስ ሙጫ ጠብ አድርገህ ጥቂት ጠብቅ፣ ከዚያ የቢላውን ስስ ጫፍ ቀስ ብለህ አስገባ፤ ብዙ ጊዜ እሺ ይላል። ሳምንት ካለፈው ግን አንድ ሆኗልና በቀጭኗ የሞዴል መጋዝ ቁረጠው። በጉልበት አትገንጥለው፤ ባሌስትራው መጀመሪያ ይሰበራል።

ከዚያ ሁለት መንገድ አለህ። አንደኛው ፔርኖውን ነፃ መተው ነው። መሀሉን በቀጭን መሰርሰሪያ ብሳና የናስ ሽቦ አሳልፍበት፤ የፊቱ አክስል እንደ እውነተኛው ይወዛወዛል። ሞዴሉን በተራራ መልክ በተሠራ መሬት ላይ፣ አንዱ ጎማ ድንጋይ ላይ ወጥቶ ልታሳየው ካሰብክ ይህንን ምረጥ፣ ለዚህ መኪና እንደዚያ የሚያምርበት አቋም የለም። ሁለተኛው በሙጫ ማቆም ነው። ስድስቱንም ጎማ ስካና መስታወቱ ላይ አቁመው፣ ሁሉም ወረቀት መንከሱን አረጋግጥ፣ ከዚያ በቀጭን ብሩሽ ፔርኖው ላይ ብቻ ሙጫ አስነካ። በላዩ ትንሽ ክብደት ጫን፤ እኔ የታሸገ የቲማቲም ድልህ ጣሳ እጭንበታለሁ። እስከ ንጋት አትንካው። የኋላ ሳጥኖቹም እንደዚሁ ናቸው። መመሪያው ሙጫ ቀባ ቢልህም ከአክስሉ ጋር የሚገናኙበትን ቦታ እስከዚህ ሰዓት ድረስ ደረቅ አድርገህ መተው ነበረብህ። እነሱንም አስቀድመህ አጣብቀህ ከሆነ በጣትህ ሞክራቸው፤ አራቱም የኋላ ጎማዎች ወረቀት ከነከሱ ተዋቸው፣ አንዱ ካልነከሰ የዚያን ጎን ሳጥን ፍታ።

እንግዲህ ሻንሲው በብዙ ከተጣመመስ? እዚህ ላይ ጠንቀቅ ብለህ አንብብ። ከላይ ያልኩትን ካደረግክ ጎማዎቹ ሁሉ መሬት ይነካሉ፣ ሦስት ጉልቻ ጥማሜን ይደብቃልና። ግን ጥማሜው አልጠፋም፣ ወደ ላይ ነው የሄደው። ጋቢናው ወደ ግራ፣ ክሬኑ ወደ ቀኝ ያዘነብላል። እኔ መጀመሪያ በሠራሁት የክሬን መኪና ይህ ደርሶብኛል። ጎማዎቹ ስድስቱም ሲነኩ ደስ ብሎኝ ቀጠልኩ። ክሬኑን አቁሜ፣ ካቦውን (የብረት ገመዱን) ዘርግቼ፣ ጋንቾውን (መንጠቆውን) ካንጠለጠልኩ በኋላ ከኋላ ሳየው ካቦው ቀጥ ብሎ ወርዷል፣ የክሬኑ ክንድ ግን ከካቦው ጋር አይሄድም። የተንጠለጠለ ነገር ሁልጊዜ እውነቱን ነው የሚናገረው። ሦስት ወር የሠራሁበት ሞዴል ነበር፤ ሳየው አሁንም ያንን ነው የማየው።

ስለዚህ አራት አምስት ወረቀትና ከዚያ በላይ ከሆነ ሻንሲውን አቅና። ውኃ አፍላና ከእሳት አውርደህ ሁለት ደቂቃ ያህል አሳርፈው፣ ከዚያ ሰፊ ትሪ ላይ ገልብጠው። ይህ ፕላስቲክ ወደ 100 ዲግሪ ሲጠጋ ነው በደንብ የሚለሰልሰው፣ የበረደው ውኃ ከዚያ ዝቅ ስለሚል ዕቃህ አይቀልጥም፣ በእጅ ግፊት ግን ይታጠፍልሃል። ከእሳት ላይ ያለ ድስት ውስጥ አትጨምረው፤ የድስቱ ታች ከውኃው ይብሳል። ሻንሲውን ግማሽ ደቂቃ ያህል ነክረህ አውጣው፣ በተጣመመበት ተቃራኒ ትንሽ አሳልፈህ ጠምዝዘው፣ እንደያዝከው ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ክተት። ከዚያ መስታወት ላይ ፈትን። አንዴ አይበቃም፣ ሦስት አራት ጊዜ ልትመላለስ ትችላለህ። የናስ ቁርጥራጮቹን በፈጣን ሙጫ አስቀድመህ ለጥፈህ ከሆነ ግን ሙቅ ውኃ ያስለቅቃቸዋልና አስብበት።

ወደ ክሬኑ ስትደርስ አንድ ነገር ወስን፦ መኪናው ሥራ ላይ ነው ወይስ መንገድ ላይ? የኤስቪ2ኤስ ክንድ ወደ ኋላ የሚንሸራተት ነው። ወደ ውስጥ ሲገባ ብዙ ያነሣል፣ ወጣ ሲል ትንሽ ያነሣል፣ ነገሩ ያው ገበያ ላይ በሚዛን የምናየው ነው። ከኋላ የተንጠለጠለ ክብደት የኋላ ጎማዎቹን እንደ ምሰሶ ይዞ የመኪናውን አፍንጫ ወደ ላይ ያነሣዋል። የፊቱ ከቀለለ መሪው መሬት አይይዝም። ለዚህ ነው ከፊት ለፊቱ ከባድ የብረት ክብደቶች የሚሰቀሉት። ስለዚህ ሞዴልህ ከኋላ የተሰበረ መኪና አንሥቶ የሚያሳይ ከሆነ እነዚያ ክብደቶች ከፊት መኖር አለባቸው። ክብደቶቹን ረስቶ የጭነት መኪና ያንጠለጠለ ሞዴል ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፤ መካኒክ የሆነ ሰው ዓይኑ ወዲያው እዚያ ላይ ይወድቃል።

ካቦውን በተመለከተ ደግሞ፣ 16 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ካቦ በ1/35 ወደ 0.45 ሚሊሜትር ይሆናል። የስፌት ክር ብትጠቀም ጸጉር ጸጉር ያወጣል፣ ቀለም ሲነካው ደግሞ ይብሳል። መፍትሔው ሰም ነው። ከጧፍ የተረፈ ንጹሕ ሰም ካለህ ክሩን በጣትህና በሰሙ መሀል ሁለት ሦስት ጊዜ ሳበው፣ ጸጉሩ ሁሉ ይተኛል። የኔ ምርጫ ግን ከአሮጌ የኤሌክትሪክ ገመድ የሚወጡትን ቀጫጭን የመዳብ ሽቦዎች መጎንጎን ነው። አምስት ስድስቱን አንድ ጫፍ ሞርሳ ላይ አስረህ ሌላውን በእጅ መሰርሰሪያ ቀስ ብለህ አዙረው፤ እንደ እውነተኛ ካቦ ይገመዳል፣ እንዳጠፍከውም ይቀራል። ጋንቾው ቀላል ፕላስቲክ ስለሆነ ክርን ቀጥ አድርጎ አይወጥርም፣ ሽቦ ግን ክብደት ባይኖረውም ቀጥ ብሎ ይወርዳል። ከክሬኑ መዘውር በሚወጣበት ቦታ ላይ ካቦው በትክክል ቦይው ውስጥ መቀመጡን እይ።

ጎማ የሚሞረደው አሁን ነው። መኪናው በስድስቱም ጎማ ከቆመ በኋላ ክብደት እንዳለው እንዲታይ የእያንዳንዱን ጎማ ታች እኩል ግማሽ ሚሊሜትር ያህል በብርጭቆ ወረቀት ጠፍጠፍ አድርገው። እኩል ማለቴን አትርሳ። ጎማው ለስላሳ ላስቲክ ከሆነ ቸርኬውን ቀለም ሳትቀባ አትስካው፤ ላስቲኩ ውስጥ ያለው ማለስለሻ ከዓመታት በኋላ ወጥቶ ባዶ ፕላስቲክን ይበላል።

ስለ ቀለሙ ባትጠይቀኝም አንድ ነገር ልበል፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ ነው። መጀመሪያ ዓመት ምረጥ፣ ቀለሙ ይከተላል። በጦርነቱ መጀመሪያ የእንግሊዝ ጦር ካኪ አረንጓዴ ነበር፤ ከ1942 ጀምሮ ኤስሲሲ 2 የሚባለው ቡናማ መጣ፤ ከ1944 ኤፕሪል በኋላ ኤስሲሲ 15፣ ማለትም የወይራ ቀለም። በረሃ ከሆነ ደግሞ ላይት ስቶን የሚባለው ፈዛዛ ቢጫ ነው። ሬሚ የሚባለው የጥገና ክፍል የተቋቋመው ኦክቶበር 1 ቀን 1942 ነውና መኪናህን በ1941 በረሃ ላይ ቀብተህ የሬሚን ምልክት አትለጥፍበት። ከዚያ በፊት ያ ሥራ በዋናነት የንጉሣዊው የመሣሪያና የዕቃ ክፍል ነበር።

ለማቆሸሽ ስትነሣ ሁሉን አታቆሽሽ። የክሬን መኪና የሚቆሽሸው ሰው በሚሠራበት ቦታ ነው። የካቦው መዘውር አካባቢ ጥቁር ግራሶ፣ አቧራ የያዘ። የጭነት አልጋው ወለል ሰንሰለትና እንጨት የተጎተተበት፣ ቀለሙ የተላጠ። የጋቢናው መርገጫ በቦት ጫማ ያበራ። የራዲያተሩን ቱቦዎችና ከላዩ ላይ ያለችውን፣ እንግሊዞቹ የቡና ጀበና የሚሏትን የውኃ ማስቀመጫ ግን ንጹሕ ተዋት። ጥሩ ነጂ ጀበናዋን ሳያይ ሞተር አያስነሣም።

ዛሬ ማታ መስታወቱን ፈልገህ ለካና ስንት ወረቀት እንደገባ፣ ሻንሲውም «ጠቅ» ማለቱንና አለማለቱን ጻፍልኝ። እስከዚያ ድረስ ጋቢናውን ከሳጥኑ አታውጣው።